«ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት»፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ትንቢትና እውነታው

መልእክቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ማታ ነው። «ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ይኖራል፤ ናሳ አረጋግጧል፤ ቤት ውስጥ እንዳታድሩ፤ ለምትወዱት ሁሉ አዳርሱ» ይላል። ቀን የለውም። «ዛሬ» የተባለው የትኛው ዛሬ እንደሆነ ስለማይታወቅ ከርሞም ሊላክ ይችላል። ከፈረንጅኛ የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ 9 ሰዓቱ በእኛ ማታ 3 ሊሆን ነው፤ ሰው ራቱን በልቶ ሳይተኛ። ይህን ሁሉ ማንም አይጠይቅም። ጃጁራ ያለው ሆሳዕና ላለች እህቱ ይልካል፣ እሷ ደግሞ ዱራሜ ላለች ጓደኛዋ ትልካለች፤ ልጆች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ደጅ ያድራሉ።

መንቀጥቀጥ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ከሰማይ ምልክትም ይነበባል የሚለው እምነት በ2017 ዓ.ም. ጥሩ ማገዶ አግኝቶ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ አካባቢ፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ ታኅሣሥ 26 ቀን በሬክተር መለኪያ 5.8 ገደማ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ ወደ 6 የሚጠጋ ተመዘገበ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ከፎቅ እየሮጠ ወረደ። በዚያው ሰሞን ቬነስ፣ ጁፒተር፣ ማርስና ሳተርን ማታ ማታ በአንድነት ይታዩ ነበር። በጥር መጀመሪያ ደግሞ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ሰማይ ላይ እየነደደ ያለፈ ነገር ታየ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የሕዋ ስብርባሪ ወይም የሰማይ ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ማብራሪያውን ያነበበው ግን ቪዲዮውን ካየው ጋር አይወዳደርም። ሰማዩም ምድሩም በአንድ ወር ሲነቃነቅ ሰው ሁለቱን ባያያይዝ ነበር የሚገርመው።

ማያያዙ ደግሞ ከባዶ አልተነሣም። ጨረቃ ባሕርን እንደምትስብ ሁሉ ጠንካራውን ምድርም ትስባለች፤ ከእግራችን በታች ያለው መሬት በየቀኑ በብዙ ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። ቀድሞውኑ ሊሰበር የተቃረበ ስንጥቅ በዚህ ትንሽ ግፊት ሊፋጠን ይችላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ፕላኔቶች ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይቀልላል። ከሁሉ የምትቀርበን ቬነስ በጣም በተጠጋችበት ጊዜ እንኳ ምድርን የመለጠጥ ኃይሏ ከጨረቃ አሥር ሺህኛ አይሞላም። «ሰልፍ» የሚባለውም ቢሆን ፕላኔቶቹ ምንጊዜም በሰማይ ላይ አንድ መንገድ ተከትለው ስለሚሄዱ የሚታይ ነገር ነው። ስቴላሪየም የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ስልኩ ላይ የጫነ ተማሪ ቀኑን ወደፊትና ወደኋላ እያሽከረከረ ራሱ ሊያየው ይችላል።

ታዲያ ትንቢቱ «የሚሠምረው» እንዴት ነው? በዓለም ላይ በዓመት 5 እና ከዚያ በላይ የሚለኩ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ፣ 6 እና ከዚያ በላይ የሚለኩ ደግሞ ከመቶ የሚበልጡ መንቀጥቀጦች ይደርሳሉ። «በሚቀጥሉት አሥር ቀናት አንድ ቦታ 6 የሚደርስ ይኖራል» ያለ ሰው ሊሳሳት ቢፈልግ እንኳ ይከብደዋል። በፕላኔት አሰላለፍ የሚተነብየው ሆላንዳዊ ፍራንክ ሁገርቢትስ በዓለም የታወቀው ቱርክ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመመታቷ ሦስት ቀን በፊት ስለዚያው አካባቢ በመጻፉ ነው። የጻፈው ግን ይዋል ይደር እንጂ ይደርሳል የሚል ነበር፤ ቀን አልቆረጠም። የምሥራቅ አናቶሊያ ስንጥቅ አደገኛ መሆኑን የሥነ ምድር ባለሙያዎች አስቀድመው ሲናገሩ ኖረዋል።

የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ አቋም ግልጽ ነው፦ ትንበያ ለመባል ቀንና ሰዓት፣ ቦታና መጠን መናገር አለበት፤ እንዲህ ያለ ትንበያ ለትልቅ መንቀጥቀጥ ያቀረበ ሳይንቲስት የለም። ቻይናውያን በፈረንጆች 1975 ሃይቼንግ ከመመታቷ በፊት ሕዝቡን ከቤት ማስወጣታቸው እውነት ነው፤ በዋናነት የረዳቸው ቀድመው የመጡ ትንንሽ ንዝረቶች ነበሩ። በዓመቱ ታንግሻን ያለ ማስጠንቀቂያ ተመታችና ከ240 ሺህ ሰው በላይ አለቀ። በእኛም አገር ከአዋሽ አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲነሡ ሰዓት የተነበየ ባለሙያ አልነበረም። ንዝረቱ ቀጥሎ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ከሥር ቅልጥ አለት እየሰረገ መሆኑ በሳተላይት ምስል ታይቶ ነው።

የሐሰት ማስጠንቀቂያ «ቢበዛ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣል» የሚል አለ። ሆሳዕና ግን ሌላም ታውቃለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በአካባቢዋ 5 ገደማ የሚለካ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ጅማ ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ እዚያ የተጎዱት ተማሪዎች ሕንፃ ተደርምሶባቸው ሳይሆን በድንጋጤ ሲሸሹ ነው። አስቀድሞ በወሬ የተሸበረ ሰው ትንሽ ንዝረት ሲሰማው ከፎቅ ይዘላል። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እስኪያልፍ መቆየት ይሻለዋል። ወሬውን የለቀቀው ባለ ቻናል ግን ጠዋት ይቅርታ ሲጠይቅ አይታይም፤ «ፈጣሪ አተረፈን» ብሎ ሌላ ቪዲዮ ይለቃል፤ ተመልካቹም ይጨምርለታል። ይህ ሰው አላዋቂ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በሰው ፍርሃት እየነገደ ነው።

የቀሩት መሰል ወሬዎች ቶሎ ያልቃሉ። ኢትዮጵያ በቅርቡ ለሁለት ትከፈላለች የሚባለው ስምጥ ሸለቆው በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ነው፤ ጥፍር እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያድጋል። በ1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቀናት ውስጥ መከፈቱ እውነት ቢሆንም፣ ውቅያኖስ እስኪገባ የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ነው። ኮከብ ሲወረወር ሰው ሞተ ይባላል፤ የሚነደው ግን ብዙ ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ብናኝ ነው። የፀሐይ ግርዶሽ ብርሃን መርዝ አለው የሚለው ስህተት ነው፤ የዓይን መከላከያ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና የታየችውን ፀሐይ በባዶ ዓይን ማየት ሊያሳውር ይችላል።

ከጃጁራ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ለሚኖር ገበሬ ከፕላኔት ይልቅ ከቤቱ በላይ ያለው ቁልቁለት ያሰጋዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ከ200 ሰው በላይ ገድሏል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሲቆፍሩ ሁለተኛ ናዳ የወረደባቸው ናቸው። ናዳም ሰዓቱን አይናገርም፤ ምልክት ግን ይሰጣል፦ ከተዳፋቱ በላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍና አጥር፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ። ክረምት ላይ ይህን ያየ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ገለል ይበል፣ ለቀበሌው ያስታውቅ፤ ናዳ ከወረደም በኋላ ሰው ከሥሩ እንዳይሰበሰብ ይከልክል። «አዳርሱ» የሚባል መልእክት ካለ ይኸኛው ይዳረስ።