ጎረቤት ጉድጓዶች ውኃቸው ለምን ይለያያል?

በአንድ ቀበሌ ከተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች የአንደኛው ውኃ ለመጠጥም ለእጥበትም ሲመች፣ የሁለተኛው ሳሙና አረፋ አላወጣ ብሎ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥም ነጭ ቅርፊት እየጋገረ ተጠቃሚውን ያማርራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቆፋሪው አይደለም፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ውኃው ከመሬት በታች የተጓዘበት መንገድ ነው።

የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስ የምትገኝበት ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ፈስሶ በረጋ ባዛልት ዓለት የተነባበረ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ በራሱ ውኃ እምብዛም አያሳልፍም፤ ውኃው የሚገኘው በስንጥቆቹና በንብርብሮቹ መካከል ነው። ባለሙያዎች የመሬት ስብራት መስመርን የሚፈልጉትም ለዚህ ነው።

በቅርብ ስንጥቅ ሰርጎ ቶሎ ምንጭ ሆኖ የሚወጣ የክረምት ውኃ ከዓለቱ የሚወስደው ማዕድን ጥቂት ነው። ይሁንና ያው ስንጥቅ የመጸዳጃ ጉድጓድንና የበረትን ፍሳሽ ሳያጣራ ያሳልፋል።

ሥር የሰደደ ስብራት ጠባዩ ሌላ ነው። ከጥልቀት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ጥቂት አሲዳማ ስለሚያደርገው ዓለቱን አብዝቶ ያሟሟል። የአምቦ ውኃ ጋዝ ከዚሁ ዓይነት ምንጭ ነው፤ የደቡብ ጎንደሩ የዋንዛዬ ፍል ውኃም ሙቀቱን ያገኘው ከጥልቀት ነው። እንዲህ ያለው ውኃ ለረጅም ዘመን ሲቆይ ካልሲየሙን ለሸክላ ማዕድናት ሰጥቶ ሶዲየም ይቀበላል። ካልሲየም ሲያንስ ደግሞ ፍሎራይድ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቆያል። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ሕፃናትን ጥርስ ያበላሸው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በደጋው ባዛልት መጠኑ በጥቅሉ ያነሰ ቢሆንም፣ ከስብራት አጠገብ የወጣ ጥልቅ ጉድጓድ ሳይመረመር ሊጠጣ አይገባም። ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም።

ለመስኖ ላሰበ ገበሬም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሶዲየም የበዛበት ውኃ የዋልካ አፈርን ቀዳዳዎች ደፍኖ ማሳው ውኃ እንዳያሰርግ ያደርገዋል።

ለብ ያለ፣ አረፋ የሚያፈላ ወይም ሲቀዳ ጠርቶ ቆይቶ የሚቀላ ውኃ ምርመራ እንደሚያሻው ምልክት ነው። መቅላቱ የብረት ነው። ፍሎራይድ ግን ጣዕምም ቀለምም ስለሌለው በዓይን አይለይም። ሙቀቱና የአሲድነት መጠኑ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ሊለኩ ይገባል፤ ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪደርስ ጋዙ ይወጣል፣ ብረቱም ይዘቅጣል።