ሰባ ኩንታል በአንድ ጭነት

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ በተነሡ ጊዜ፣ በጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞች ያቀለጡትን፣ ሴባስቶፖል የተባለውንና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ታላቅ መድፍ ከሠራዊታቸው ጋር ይዘው ነበር። ያ መድፍ የጋይንትን ደጋ አቋርጦ፣ የጨጨሆን ዳገት ወጥቶ፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ አለፈ፤ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ ያበጁለት ነበር።

አሁን አንባቢዬ በኅሊናው አንድ ነገር ያስላልኝ። ያ 70 ኩንታል ብረት ሳይሆን ገብስ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ይሸከማልና፣ 140 አህያ በቂ ነበር፤ መንገዱም ነጋዴው ዘወትር የሚሄድበት የእግር መንገድ ነው። ከአህዮቹም አንዱ ጨጨሆ ላይ ቢንሸራተት የሚጎዳው የእርሱ ጭነት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ 139 ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። መድፉ ግን ሊከፈል የማይችል ስለ ሆነ፣ ጠፍሩ ቢበጠስ ወይም መንኰራኩሩ ቢሰበር ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል።

ይህን ያመጣሁት ስለ ጦርነት ለመናገር አይደለም። ዛሬ በንፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በአርብ ገበያም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው መዝገብ በኮምፒውተር ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ወጣቶች፣ በየቀኑ ከሴባስቶፖልና ከገብስ ጭነት አንዱን እንደሚመርጡ ስላየሁ ነው። ቋንቋችን ራሱ ምስጢሩን አስቀድሞ የያዘው ይመስለኛል፤ ፋይልን ወደ ሩቅ ማከማቻ መስደድን «መጫን» እንላለንና።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ጉና በደመና ተሸፍኖ፣ የከተማችን የንፋስ መውጫ ስም የሚመሰክርለት ነፋስ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ሳለ፣ የእህቴ ልጅ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት ልወስዳት ሄጄ አልነሣም ብላ አስቀመጠችኝ። የአባወራዎችንና የእማወራዎችን ዝርዝር ከነፎቶግራፋቸው በአንድ ፋይል አስራ፣ 400 ሜጋባይት የሚሆነውን ጭነት ከጧት ጀምራ ስትልክ ውላለች። «ጋሼ፣ ዘጠና ሦስት ደርሶ ነበረ፤ አሁንም ተቋረጠ» ስትለኝ ድምፅዋ የደከመ ነበር። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ በየጊዜውም የምትጀምረው ከዜሮ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መስመሩ በሴኮንድ 100 ኪሎባይት የሚያሳልፍ ከሆነ፣ 400 ሜጋባይት ለማሳለፍ 4,000 ሴኮንድ፣ ይኸውም ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ መቋረጥ መቆየት አለበት። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ፣ በክረምት፣ መብራቱም ኔትወርኩም ለአንድ ሰዓት ሳይንቀጠቀጥ እንዲቆይ መጠበቅ ተስፋ እንጂ ዕቅድ አይባልም። ያንኑ ዝርዝር 10፣ 10 ሜጋባይት በሚሆኑ 40 ክፍሎች ብንለየው ግን እያንዳንዱ ክፍል የሚጠይቀው 100 ሴኮንድ ብቻ ነው። የሁለት ደቂቃ ጸጥታ ደግሞ በየትኛውም ቀን ይገኛል። ሰባተኛው ቢወድቅ ሰባተኛውን ብቻ መልሶ መጫን ነው፤ የቀደሙት ስድስቱ ከቦታቸው ገብተዋል።

ከመስመሩ ድካም ሌላ፣ ተቀባዮቹም ከዚህ መጠን በላይ አንቀበልም የሚሉበት ልክ አላቸው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ አባሪ ፋይል አይልክም። በየኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ፣ ፋት 32 በሚባለው አሮጌ ሥርዓት ከተዘጋጀ፣ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረው እንኳ 4 ጊጋባይት የሚደርስን ነጠላ ፋይል አያስገባም፤ ያንኑ ለሁለት ቢከፍሉት ግን ያለ ቅሬታ ይቀበላል። የድረ ገጾችን አድራሻ ለፍለጋ ሞተሮች የሚያቀርቡ ዝርዝሮችም በአንድ ፋይል ከ50,000 አድራሻ ወይም ከ50 ሜጋባይት እንዳያልፉ ተወስኗል፤ ከዚያ የበዛ ያለው ሰው ዝርዝሩን በብዙ ፋይሎች ከፍሎ፣ ክፍሎቹን ሁሉ የሚጠራ አንድ ማውጫ ከላይ ያኖራል።

መክፈል ግን እንጨት እንደ መፍለጥ ያለ ሥራ አይደለም፤ የት ላይ እንደሚቈረጥ ማወቅን ይጠይቃል። በዚህ ነገር እኛ የጋይንት ሰዎች ከማንም ልንማር የሚገባን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በምድራችን የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቅድስት ቤተልሔም አለች፤ የቅዱስ ያሬድ ድጓም ዓመቱን እየተከተለ ዘዮሐንስ፣ ዘአስተምሕሮ፣ ዘጾምና ዘፋሲካ ተብሎ ተከፍሏል። የሚከፈለውም ብራናው ባለቀበት ሳይሆን ዘመኑ በተለወጠበት ነው። ዳዊትን ተመልከቱ፦ 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር ሆኖ በ15 «ንጉሥ» ይቈጠራል፤ ሦስት ንጉሥ ጸልዮ ሥራ የጠራው ሰው ሲመለስ ከአራተኛው ይቀጥላል እንጂ ከፍካሬ ጻድቃን አይጀምርም። የእህቴ ልጅ ያጣችው ይህን የመቀጠል መብት ነበር።

መጽሐፍ የሚጽፉት አባቶችም ብራናውን በጥራዝ በጥራዝ ከፍለው፣ በየጥራዙ መጀመሪያ ቅጠል ራስጌ ላይ በግዕዝ አኃዝ ፩፣ ፪፣ ፫ እያሉ ተራውን ይመዘግቡ ነበር። ይህ ቁጥር ለደጓሹ ነው፤ ጥራዞቹ በእጁ ሲበታተኑ ተራቸውን እንዲያውቅ፣ አንዱም ቢጐድል መጉደሉን ሳያስተውል መጽሐፉን እንዳይሰፋ። ፋይል የሚከፍል ሰውም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። ክፍሎቹን 01፣ 02፣ 03 እያለ ይሰይማል፤ ባዶዋን ከፊት ማስቀመጥም ከንቱ ጌጥ አይደለም፣ ኮምፒውተር ስሞችን ሲደረድር ብዙ ጊዜ 10ን ከ2 ያስቀድማልና። ከስሙም ላይ ከ40 ስንተኛው እንደ ሆነ ቢጽፍ ተቀባዩ የጎደለውን ወዲያው ያውቃል።

አሁን የት ላይ እንደሚቈረጥ ወደሚለው ነገር እንመለስ። ዝርዝር በረድፍ የተጻፈ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሰው ነው፤ በላይ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ደግሞ ይህ ዓምድ ስም፣ ያ ዓምድ ዕድሜ፣ ያኛው ቀበሌ መሆኑን የሚናገር ራስ ነው። ሰነፍ መሣሪያ ፋይሉን በክብደቱ ብቻ እየመዘነ ሲቈርጠው፣ የአንዲት እናት ስም በ12ኛው ክፍል ጅራት፣ የአባትዋ ስም በ13ኛው ራስ ላይ ይቀራል፤ ሁለቱም ክፍሎች እርስዋን አያውቁአትም። ለእኛ ፊደል ደግሞ ጥፋቱ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ፣ በተለመደው የአጻጻፍ ሥርዓት አንዱ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ ከእኛ ፊደላት እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በባይት የሚቈርጥ ቢላዋ «ወለተ» በሚለው ስም መካከል፣ ከዚያም አልፎ በ«ለ» ሆድ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ በማያው ላይ የሚታየው ፊደል ሳይሆን ባዶ ሣጥንና የጥያቄ ምልክት ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተፈተነ መሣሪያ ይህን ሕፀፅ ፈጽሞ ሳያየው ሊቀር ይችላል። መቈረጥ ያለበት ሁልጊዜ በረድፍና በረድፍ መካከል ነው፤ የራስ ረድፉም በእያንዳንዱ ክፍል ላይ መደገም አለበት፤ ያለ እርሱ ሁለተኛው ክፍል ምን እንደያዘ የማይነገርበት ጆንያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በቦታ መክፈል ነው፤ ይህ ቀበሌ ይህ ፋይል፣ ትልቅ የሆነውም በጎጥ በጎጡ። ምክንያቱን ልዘርዝር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነውና። ዝርዝር በየወሩ ይለወጣል፤ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይወለዳል፣ አንዷ አግብታ ወደ ስማዳ ትሄዳለች። ዝርዝሩን ዘወትር ከላይ ወደ ታች እየቈጠርን በ1,000 በ1,000 ረድፍ ከከፈልነው፣ ከላይ አንድ ስም ሲቀነስ ከታች ያሉት ሁሉ ይንሸራተታሉ፤ ባለፈው ወር በ5ኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ የነበረው ሰው በዚህ ወር በ4ኛው ይገኛል፤ ተቀባዩም አሮጌውን 5ኛ ከአዲሱ 4ኛ ጋር ካኖረ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። በቀበሌ ስንከፍል ግን እያንዳንዱ ስም ቤቱን ያውቃል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ አንዳንዱ ተቀባይ ሥርዓት አዲስ ፋይል በመጣለት ቍጥር የቀድሞውን ሽሮ አዲሱን ብቻ ያጸናል፤ በእንዲህ ያለው ሥርዓት ላይ አርባውን ክፍል በአንድ ስም ተራ በተራ የጫነ ሰው በመጨረሻ የሚቀርለት አርባኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጫን በፊት «የምትጨምር ነህን ወይስ የምትተካ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሳይከፍሉ መላክ የሚያመጣው ጉዳት የድሃ አገር ጉዳት ብቻ አለመሆኑን ደግሞ እንግሊዝ አሳይታናለች። በ2013 ዓ.ም. ከመስከረም 15 እስከ 22 ባለው ሳምንት፣ የኮሮና ወረርሽኝ በሚያይልበት ጊዜ፣ 15,841 በሽተኞች ከመንግሥቱ የዕለት ቁጥር ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ። የላቦራቶሪዎቹ ውጤት የሚሰበሰበው በአሮጌው የኤክሴል ዓይነት ፋይል ነበር፤ ያ ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፤ ከዚያ በላይ የመጣውም ውጭ ቀረ። በሽተኞቹ ውጤታቸውን ሰምተዋል፤ ከእነርሱ ጋር የተቀራረቡት ሰዎች ግን በጊዜው ሳይፈለጉ፣ ሳይነገራቸውም ከሰው ጋር ሲቀላቀሉ ሰነበቱ። መድኃኒት ተብሎ የተወሰደውም ፋይሎቹን በትንንሽ ክፍል መክፈል ነበር። አዲሱ ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ ልክ አለው እንጂ ልክ የለውም አይባልም።

ከዚህ ታሪክ እጅግ የሚያስፈራኝ የመረጃው መጉደል ሳይሆን ጉድለቱ ዝም ማለቱ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ ኁልቁ ነው። የላከው ሰው ጠቅላላውን ረድፍ አስቀድሞ ቈጥሮ ይያዝ፤ የየክፍሉን ቁጥር ደምሮ ከጠቅላላው ጋር ያስተያይ፤ ተቀባዩም የደረሰውን ቈጥሮ ይመልስለት። ኮምፒውተርም ከእያንዳንዱ ፋይል ይዘት አጭር የማረጋገጫ ቁጥር ያወጣል፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ያ ቁጥር ሌላ ይሆናል፤ በላኪና በተቀባይ ዘንድ አንድ ከሆነ ጭነቱ እንደ ወጣ ገብቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በዚህ መጠን የምጽፈው ዝርዝሩ ሰው ስለ ሆነ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ናቸው፤ መርሐ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ስም በዝርዝር መኖርና አለመኖር ለብዙ ቤተ ሰብ እህል የማግኘትና የማጣት ነገር ሆኗል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ንፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀናት በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ፣ ሴቶች እኅቶቻችን የማይነገር ግፍ በተፈጸመባቸውና ሆስፒታላችንም በተዘረፈበት በዚያ ወራት፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚኖር መዝገብ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ አውቀናል። ነገ ሙሉውን እልካለሁ ብሎ ከማቆየት፣ ዛሬ የሚያልፈውን ሰባቱን ክፍል ማሳለፍ ይሻላል፤ የሄደው ከእሳትና ከዘረፋ ድኗልና። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የሚሠራበት ሥርዓት የእያንዳንዱን ተመዝጋቢ መረጃ ለብቻው አሽጎ፣ መስመር በሌለበት መዝግቦ፣ መስመር ሲገኝ እንዲልክ ሆኖ መሠራቱም ትክክለኛ ነው እላለሁ፤ ለደጋ አገር የሚስማማው ይህ ነውና።

የእህቴ ልጅ በማግሥቱ ዝርዝሩን በቀበሌ ከፍላ፣ የራስ ረድፉን በየክፍሉ ደግማ፣ ቁጥር ሰጥታ ጫነችው። ሁለቱ ወደቁ፤ ሁለቱን መልሳ ላከች፤ ከምሳ በፊትም ጨረሰች። በፊተኛው ቀን ሙሉ ስትቸገር ግን ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ የተቀባዩም ገጽ ልኩ ስንት እንደ ሆነ፣ በክፍል መቀበሉንና አለመቀበሉን አንድ ቃል አልጻፈም።

ስለዚህ ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሆናችሁ ከወረዳ መረጃ የምትጠይቁ፣ የመቀበያውንም ሥርዓት የምትሠሩ ባለሙያዎች ሆይ፣ ልካችሁን በደጃችሁ ላይ በአማርኛ ጻፉልን፤ ክፍል ክፍሉን ተቀበሉን፤ ከተቋረጠበትም እንድንቀጥል ፍቀዱልን፤ ስንት ረድፍ እንደ ደረሳችሁም ቈጥራችሁ ደረሰኝ ስጡን።