ከጎል አዳኝነት ወደ አሠልጣኝነት

እ.ኤ.አ. በ1962፣ የፈረንጆች ገና በዋለ ማግስት፣ የሰንደርላንድ ሮከር ፓርክ ሜዳ በብርድ ጠጥሯል። ብሪያን ክላፍ ኳስ ተከትሎ ሲከንፍ ከተጋጣሚው የበሪ ክለብ ግብ ጠባቂ ጋር ተላተመ፤ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። 27 ዓመቱ ነበር። በ274 የሊግ ጨዋታ 251 ጎል ያገባው አጥቂ ከዚያ ወዲህ የተሰለፈው በ3 የሊግ ጨዋታ ብቻ ነው።

የክላፍ ትምህርት ቤት የሆነው ይህ ጉልበት ይመስለኛል። በ1965 በአራተኛው ዲቪዚዮን የሚንፏቀቀውን ሃርትልፑልስ ሲረከብ ክለቡ ቤሳ ቤስቲን አልነበረውም፤ የቡድኑን አውቶቡስ ራሱ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አወጣ። አጠገቡ የሚድልስብራ ጓደኛው፣ የቀድሞው ግብ ጠባቂ ፒተር ቴይለር አለ። ተጫዋች አነፍንፎ የሚያመጣው ቴይለር፣ የመጣውን የሚያሾረው ክላፍ። ሁለቱ ደርቢ ካውንቲን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን አንስተው በ1972 የሊጉ ሻምፒዮን አደረጉት። ቴይለር ባልተከተለበት ሊድስ ግን ክላፍ የቆየው 44 ቀን ነው። በ1976 ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ዳግም ተገናኙ፤ በ1977 ወደ ላይኛው ሊግ አደጉ፣ በ1978 ሊጉን በሉ፣ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ አከታትለው አነሱ። ቴይለር ከሄደ በኋላ ክላፍ ሊጉን ደግሞ አልበላም፤ በ1993 ሥራውን ሲተው ፎረስትም አብሮ ወረደ።

ከእሱ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት የመጡትን አጥቂዎች ስማቸው ቀድሟቸው በር ከፈተላቸው። ኬቪን ኪገን ኒውካስልን ነፍስ ዘራበት፤ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ኃላፊነቱን ግን በ2000 በጀርመን በተሸነፈ ዕለት እዚያው ዌምብሌይ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተናግሮ ለቀቀ። በፕሪሚየር ሊግ 260 ጎል ያለው አለን ሺረር በ2009 ኒውካስልን በ8 ጨዋታ እንዲያድን ተጠራ። አንዱን አሸነፈ፣ ቡድኑ ወረደ፣ እሱም ዳግመኛ አሠልጣኝ አልሆነም።

ዋይን ሩኒስ? ምርጥ ሥራው ቡድን ያወረደበት ዓመት ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። በ2021/22 ደርቢ በገንዘብ ቀውስ 21 ነጥብ ተቀነሰበት። ሩኒ ከልጆችና ከአንጋፋዎች ባዋቀረው ቡድን ሜዳ ላይ 55 ነጥብ ሰበሰበ፤ በሰንጠረዡ የቀረለት 34 ሆነና ወረደ። በርሚንግሃምን ግን ቡድኑ 6ኛ ሳለ ተረክቦ፣ ከ15 ጨዋታ 2 ብቻ አሸንፎ፣ 20ኛ ላይ ጥሎት ተሰናበተ። ከፕሊመዝም በ2024 የመጨረሻ ቀን፣ ቡድኑ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ሳለ ተለያየ።

ሩኒ በ2021/22 በታገለበት የደርቢ ስታዲየም ደጃፍ አንድ ሐውልት አለ። ክላፍ ብቻውን አይደለም የቆመው፤ ቴይለርም ጎኑ አለ።