ሰባት ከላይ፣ አንድ ከላይ

መርካቶ አንድ የጨርቅ ሱቅ ገብታችሁ የባለሱቁን ጠረጴዛ ልብ ብላችሁ እዩት። ቁልፎቹ የተላላጡ ትልቅ ካልኩሌተር አለ፤ አጠገቡ ስልክ። ካልኩሌተሩ ላይ ከላይ የተደረደሩት 7፣ 8፣ 9 ናቸው፤ ስልኩ ላይ 1፣ 2፣ 3። ሰውየው ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከረ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይጥልበት ካልኩሌተሩን ይመታል። ስልኩን አንስቶ ብር ሊልክ ሲል ግን ጨዋታው ይቆማል፤ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ቁጥሩን ለራሱ ያነበንባል። «አያውቅበትም» ማለት ይቀላል። ነገር ግን እጁ ለዓመታት 7ን በለመደበት ቦታ ላይ ስልኩ 1ን አስቀምጦበታል።

የስልኩ ቁልፎች አደራደር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ካርሊን እ.ኤ.አ. በ1945 በስልክ ምርምር ተቋሙ ቤል ላብራቶሪ ተቀጠረ። ባለቁልፍ ስልክ በ1963 ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ እሱና ባልደረቦቹ ቁልፎቹን በልዩ ልዩ መንገድ እየደረደሩ ሰዎችን ያስደውሉ፣ ፍጥነትና ስህተታቸውን ይመዘግቡ ነበር፤ 1፣ 2፣ 3 ከላይ የሆነውም ከዚሁ ሙከራ በኋላ ነው። የካልኩሌተር ሠሪዎች ደግሞ በራሳቸው አደራደር ቀጠሉ። ካርሊን የስልክ ገመድ ምን ያህል ቢያጥር ሰው እንደሚታገሥ ለማወቅ፣ የባልደረቦቹን ገመድ በድብቅ ጥቂት በጥቂት ያሳጥር እንደነበርም ይነገራል። ይህቺን ታሪክ የምወዳት ሳይጠይቅ በማየቱ ነው።

ካርሊን የሠራበት ሙያ ዋና ነገርም ይኸው ነው፦ ሰው በዕቃ ወይም በስክሪን ሲሠራ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚሳሳት ቁጭ ብሎ ማየት፤ ከዚያ ሰውየውን ትቶ ዕቃውን ማስተካከል። የኛ አገር ቢሮዎች «ዩኤክስ ሪሰርች» (የተጠቃሚ ተሞክሮ ጥናት) ይሉታል። ሥዕሉን ከሚስለው ዲዛይነርና ኮዱን ከሚጽፈው ፕሮግራመር የተለየ ሥራ ነው፤ የቅጥር ማስታወቂያዎች ግን ብዙ ጊዜ ሁሉንም ባንድ ሰው ትከሻ ላይ ይጭኑታል።

ሥራውን ለመማር ከመርካቶ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከባንኮቹ አፕሊኬሽኖች ጋር ተደምሮ፣ ብር በስልክ የማይቀበል ሱቅ ማግኘት እየከበደ ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ይገባል። እዚህ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ብዙ ነው። ገዢው «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪኑን ያሳያል፤ ሻጩ ግን የሰው ስክሪን አያምንም፤ የራሱ ስልክ ላይ መልእክት እስኪገባ ዕቃውን አይለቅም። «ገባልህ?» «አልገባም፣ ቆይ።» በዚህ መሃል ሦስተኛው ደንበኛ ጥሎ ይሄዳል። ለተመራማሪው ጥያቄው የመላኪያ ቁልፉ ቀለም ምን ይሁን የሚለው አይደለም። ሻጩ በጫጫታ መሃል፣ እጁ በሥራ ተይዞ፣ ብሩ መግባቱን በምን ይወቅ? በድምፅ? በየትኛው ቋንቋ?

ሌላው የሚስጥር ቁጥሩ ነው። በዕድሜ የገፉ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ «ና እስቲ አንተ ልጅ፣ ላክልኝ» ብለው ስልኩን ለሠራተኛው ይሰጣሉ፤ ቁጥሩንም ይነግሩታል። አፕሊኬሽኑን የሠራው ሰው አንድ ተጠቃሚ አስቦ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ግን ሁለት ናቸው። «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል ጽሑፍ ይህን አይፈታውም። ለሠራተኛው የራሱ መግቢያና የገንዘብ ጣሪያ ቢሰጠው ሊፈታው ይችል ይሆናል፤ እሱም ተሞክሮ ነው የሚታወቀው።

ሰዓቱም አለ። ዕቃ ለማስጫን ነጋዴው «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ቢሞላና ሲስተሙ በፈረንጅ ሰዓት ቢቆጥር፣ መኪናው በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይታዘዛል። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ደግሞ የአባት ስም ነው የአያት እያሰኘ ያደናግራል። የብዙ ነጋዴ ስልክ ውስጥ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚገባው ዕቃው ወይም ተራው ነው፦ አህመድ ቆርቆሮ፣ ጫልቱ ሸማ ተራ።

አጠያየቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነውና። «አፕሊኬሽኑን ወደዱት?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «በጣም አሪፍ ነው» ነው። ይሉኝታ አለ፤ እንግዳን ማስከፋት አይወዱም። ስለዚህ አትጠይቁ። «እስቲ ለአቅራቢዎ 100 ብር ይላኩልኝ» በሉ፤ ብሩን እናንተው አስቀድማችሁ ስጡ፤ ከዚያ ዝም። ሲሳሳቱ መርዳት ያምራችኋል፤ እጃችሁን ሰብስቡ። «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ» ሲሉም «የለም፣ ጥፋቱ የስልኩ ነው» ብላችሁ ቀጥሉ። ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ አትሂዱ፤ ማንም ጊዜ አይሰጣችሁም። ለጥናቱ አምስት ሰው ይበቃል ወይ የሚል ሁሌም አለ። የአጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ከቶማስ ላንዳወር ጋር ባወጣው ስሌት መሠረት፣ አምስት ሰው ከአጠቃቀም ችግሮቹ 85 በመቶ ገደማ ያሳያል። እኔ ግን አምስቱን ከአንድ ተራ አልወስድም፤ የጅምላ ነጋዴው፣ ቸርቻሪዋ፣ ሚናለሽ ተራ ያለው ቆራሌውና ሱቅ በደረቴው ስልክ የሚይዙት በየራሳቸው መንገድ ነው።

ወደ ሙያው መግቢያው ብዙ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት አንድ በር ነው፤ ሥነ ልቦናና ሶሲዮሎጂ ያጠናም ኮምፒውተር ካጠናው እኩል ይገባል። ቀጣሪ ግን ከዲግሪው ቀጥሎ የምታሳዩትን ሥራ ይጠይቃል። ለዚያ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ አያስፈልግም። አንድ አገልግሎት ምረጡ፤ አምስት ሱቅ ሂዱ፤ ባለሱቁን አስፈቅዱ፤ ስሙንና የሂሳብ ቁጥሩን አትጻፉ። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ያለ ነው፦ «3ኛው ባለሱቅ፤ ከ'ላክ' በፊት 14 ሰከንድ ቆመ፤ ልጁን ጠራ።»