የሁለት ጓድ ልጆች እናት

በዚህ ጋዜጣ ስለ ጀግና ሲጻፍ ብዕራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ምሽግ ነው። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ግን ወደ ምድጃ ዳር እንወስደዋለን። የምናስታውሳቸው ወይዘሮ አበበች ጎበናን ነው። የክብር ዶክተርነት ማዕረግ ያገኙ ሴት ነበሩ፤ ልጆቻቸው ግን «እማዬ» ብለው ይጠሯቸው ነበር። ብዙዎች «የኢትዮጵያዋ ማዘር ቴሬዛ» የሚል ቅጽል ሰጥተዋቸዋል። እኛ በበኩላችን ይህን ቅጽል እምብዛም አንወደውም። የእኚያ መነኩሲት ሥራ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ወይዘሮ አበበች ሥራቸውን ሲጀምሩ ከኋላቸው የቆመ ማኅበር አልነበረም። የነበራቸው ምጣድና ጋን ነው። በራሳቸው ስም ቢጠሩ ይበቃቸዋል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን የወረረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ወይዘሮ አበበች ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በምትገኘው ሸበል አቦ በምትባል መንደር የተወለዱት በዚያው ዓመት ጥቅምት 9 ቀን፣ ማለትም ወረራው ከተጀመረ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፤ በዚያ ጦርነት ተዋግተው ወደቁ። እናቲቱም ሕፃኗን አዝለው ወደ አያቶቿ ቤት ገቡ። ይህን ታሪክ ለሚያነቡ የሠራዊት ቤተሰቦች ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። የአባቷን ፊት ሳታውቅ ያደገች ልጅ፣ ባሏን ቀብራ ልጇን ያሳደገች ሴት በየሠፈሩ አለች።

አሥር ዓመት ሲሞላቸው ቤተሰቡ በዕድሜ እጅግ ለሚበልጣቸው ሰው ዳራቸው። ሠርጉ እንዳለፈ ሸሽተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ዘመዶቻቸው ግን መልሰው ለባል አስረከቧቸው። ባልየውም በየሌሊቱ ቤት ዘግቶባቸው ያድር ጀመር። ልጅቱ በጣሪያው ቀዳዳ ሾልከው ወጡና አዲስ አበባ ገቡ። እዚያም የሚያስጠጋቸው ቤተሰብ አግኝተው ትምህርት ቤት ገቡ። ዛሬ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ከመካከላችን ሴት ልጁን ገጠር በዘመድ እጅ ያስቀመጠ ወታደር ቢኖር፣ አዋጁ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ያውቃልና በየደብዳቤው ስለ ልጁ ትምህርት ይጠይቅ።

ካደጉ በኋላ ቡናና እህል ወደ ውጭ አገር በሚልክ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ትዳር ያዙ፤ ኑሯቸውም ተደላደለ። በዚያው ቢቀጥሉ ኖሮ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። አካባቢው በድርቅና በረኃብ ተመትቶ ነበር። በመንገዱ ዳርና ዳር የሞተውም፣ በማጣጣር ላይ ያለውም፣ ገና ቁጭ ብሎ የሚለምነውም ተደባልቆ ይታይ ነበር። በእጃቸው የነበረው አንድ ዳቦና ጥቂት ሊትር ጠበል ነው፤ እርሱኑ አከፋፈሉ። ከዚያም አንዲት ሴት ተኝታ፣ ሕፃን ልጇ ጡቷን ስትጠባ አዩ። ሴትዮዋ ያንቀላፋች መስላቸው ነበር፤ ሞታለች። አስከሬን የሚሰበስብ አንድ ሰው በአጠገቡ ቆሞ ሕፃኗም እስክትሞት ይጠብቅ ነበር። ወይዘሮ አበበች ሕፃኗን አንስተው በጨርቅ ጠቀለሏትና ይዘዋት አዲስ አበባ ገቡ። ቀጥሎም ምግብና ውኃ ይዘው ወደዚያው ተመለሱ። በመሞት ላይ ያለ አንድ አባትም ልጁን እንዲያድኑለት ለመናቸው፤ ያንንም ልጅ ተቀበሉ።

ኋላ እርሳቸው ራሳቸው እንደተናገሩት፣ በጊዜው የነበረው መንግሥት ረኃቡ እንዲታወቅ አይፈልግም ነበርና ልጆቹን የራሳቸው አስመስለው በድብቅ ማውጣት ነበረባቸው። ለመንገድ ሲባል የተነገረችው ያች ቃል ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመታት ያህል የኖሩባት እውነት ሆነች።

ዓመቱ ሳያልቅ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ። ቤተሰቦቻቸው ሴትዮዋ አብዳለች እስከ ማለት ደረሱ። ባለቤታቸው መጀመሪያ ላይ ደግፈዋቸው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ አሉ። በዚህ ሰው ላይ ፈርደን ማለፍ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንቸኩልም። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱ 21 ሕፃናት የሞሉበት ባል ሁሉ ምን ይል እንደነበር እያንዳንዳችን በልባችን እንመርምር። ወይዘሮ አበበች በበኩላቸው መረጡ። ከንብረታቸው አብዛኛውን ትተው፣ ልጆቹን አስከትለው በጫካ ውስጥ ወዳለች ደሳሳ ጎጆ ገቡ። ጌጣጌጣቸውን ሸጡ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ እንጀራ እየጋገሩና ጠጅ እየጣሉ በመሸጥ ልጆቹን መመገብ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል፤ «እንጀራ እየሸጡ አሳደጉ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከአፍ ስትወጣ እጅግ ቀላል ናትና። እኛ በጦር ትምህርት ቤት ስለ ስንቅ ስሌት ተምረናል። 21 ልጅ በእኛ አደረጃጀት ሁለት ጓድ ለመባል ያልጎደለ ቁጥር ነው። ለአንድ ልጅ በቀን ሁለት እንጀራ ብቻ ብንመድብ 42 እንጀራ ይሆናል። አንዱን እንጀራ አዙሮ፣ አክንባሎ ደፍቶ፣ አውጥቶ፣ ምጣዱን እስከ ማሰስ ሦስት ደቂቃ ያህል ብንቆጥር፣ ለልጆቹ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ከጭስ ፊት መቀመጥ ያስፈልጋል። ለገበያ የሚጋገረው ገና አልተነካም። ዛሬ የሚጋገረው ሊጥ ደግሞ ዛሬ የተቦካ አይደለም፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት የተቦካ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲጋገር ሌላው አብሲት ይጣልለታል፣ ሦስተኛው ይቦካል፣ ለአራተኛው እህል ተበጥሮና ተለቅሞ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። አንዲት ቀን ብትጓደል መጓደሏ ከሦስት ቀን በኋላ በልጆቹ ሆድ ይታያል።

ጠጅ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ማሩ ተበርዞ፣ ጌሾው ገብቶ፣ ፈልቶና ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ የማር መግዣው ብር ጋን ውስጥ ታስሮ ይሰነብታል። ልጅ ግን ጋኑ እስኪፈላ አይጠብቅም። በእኛ ግምት ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ብልህነት ነበር፤ የእንጀራው ሽያጭ የዕለቱን ጉሮሮ ይደፍናል፣ የጠጁ ብር ዘግይቶም ቢሆን ጠርቀም ብሎ ይመጣል። በሠፈራችን ያላችሁ እናቶች ይህን ሒሳብ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ባለቤታችሁ ግዳጅ ላይ ሳለ፣ የላከው ገንዘብ ሳይደርስ ወሩ ሲያልቅ፣ ምድጃውን ያላጠፋችሁት በዚሁ ስሌት ነው። በብዙ ቅጾች ላይ የሚስት ሥራ ተብሎ በሚጠየቅበት መስመር «የለም» ተብሎ ሲሞላ እናያለን። ከግዳጅ የተመለሰ አባትም «እኔ ሳልኖር ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ጓዳ ገብቶ ሊጡን ቢቆጥር መልሱን ያገኘዋል።

ወደ ጫካዋ ጎጆ እንመለስ። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል አልቻሉም። ታዲያ ልጆቹ ማይም ሆነው ይቅሩ አላሉም፤ ጎጆዋ ድረስ እየመጣ የሚያስተምር ሰው ፈለጉላቸው። በዚህ ላይ ሌሎች ልጆች ይጨመሩ ነበር። በየቢሮው ለዓመታት ተመላልሰው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ሕጋዊ ምዝገባ አገኘ። ምዝገባው ርዳታ ለመቀበል በር ከፈተላቸው። ይሁን እንጂ እጃቸውን ዘርግተው አልተቀመጡም፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የእርሻ መሬት ይዘው ከልጆቹ ጋር እየሠሩ ምርቱን ይሸጡ ነበር። ልጅ ከሥራ ጋር ሲያድግ ተረጂነት አይሰማውም ብለን እናምናለን፤ ከአባታቸው ሞት በኋላ በጡረታ አበል የሚኖሩ ልጆችን የምታሳድጉም ይህን ሳታዩት አልቀራችሁም።

ድርጅቱ እያደገ ሄዶ በኢትዮጵያ ካሉት ትልልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቃ። በከተማይቱ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ መጸዳጃ ቤቶች፣ የሕዝብ ማብሰያ ቤቶችና የውኃ ቦኖዎች አሠራ። ከሌላው ሁሉ እኛን የሳበን ይህ የመጨረሻው ነው። የማብሰያ ቤትና የቦኖ ውኃ ለመንደር ሴት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ፣ እንሥራ ተሸክሞ የሄደና ከጭስ ፊት የተቀመጠ ሰው ነው።

ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ታመው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ በ85 ዓመታቸው አረፉ። በሕፃንነቷ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ካነሷት ልጅ ጀምሮ በእጃቸው ያደጉት ልጆች፣ የልጅ ሐዘን የሚገባቸውን እናት ቀበሩ።