ያውቁ ኖሯል? ገብስማው፣ አባ ኮዳና የተራራው ትራውት

ኮዬ ፈጬ ላይ የታክሲ ረዳቱ «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» እያለ የሚጠራው የአዲስ–አዳማ የክፍያ መንገድ የሚነሳበትን ሰፈር ነው። ስሙን የሚጋራው ሌላው ቱሉ ዲምቱ ግን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሌ ውስጥ ነው፤ ከፍታው 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚያው የተራራ ሰንሰለት በሚወርዱት ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በወይብ፣ በዳንካና በሻያ፣ ትራውት የሚባል አሳ አለ። የዛሬው ዓምድ ይህ አሳ በምን እንደሚታለል ይነግርዎታል። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ትራውት ለባሌ እንግዳ ነው። ከአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን፣ በአትላስ ተራሮች ብቻ ነው። የባሌው ከኬንያ የመጣ ሲሆን፣ ኬንያም ራሷ የተበደረችው ነው፤ ኤዋርት ግሮጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሰፋሪ በ1905 የቡናማውን ትራውት እንቁላል ከስኮትላንድ አስመጥቶ በአበርዴር ተራሮች ወንዝ ውስጥ አስፈለፈለ። ቀስተ ደመና የሚባለው ሁለተኛው ዝርያ ደግሞ ጥንተ አገሩ የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው።

አቃቂ ወንዝ ውስጥ ቢጨምሩትስ? አይሞክሩት። ትራውት የሚመቸው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ የሚደርስ፣ ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ከከተማው ፍሳሽ የተረፈው ሁሉ ወርዶ በሚጠራቀምበት በአባ ሳሙኤል ግድብ መኖር የሚችለው አምባዛ ነው። አምባዛ ከጉሮሮው አጠገብ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ውሃው ሲታፈን ብቅ ብሎ ይተነፍሳል። (እሱም ቢሆን ከዚያ ውሃ ወጥቶ ለማዕድ ባይቀርብ ይሻላል።)

የማባበያ ምርጫ የሚጀምረው ከዚሁ ልዩነት ነው። አምባዛ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ በጢሞቹ እየቀመሰና እያሸተተ ስለሚያድን፣ የሚመርጡለት የሚሸት ነገር ነው፤ ደም፣ ጉበት፣ የአንጀት ቁራጭ። ትራውት በጠራ ውሃ ውስጥ በዓይኑ ያድናል። ለእሱ የሚመርጡት የሚታይ ነገር፣ ያውም የሚያውቀውን ምግብ የሚመስል ነው። ሱቅ ውስጥ ተደርድረው የሚያብለጨልጩት ማጥመጃዎች ግማሾቹ የተሠሩት ለገዢው ዓይን ይመስለኛል።

የአውራ ዶሮ ላባ ለአሳ ማታለያ ማገልገል ከጀመረ ከ1,800 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ ማንቁርት ሥር የበቀሉ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎች ሰክተው አሳ እንደሚያወጡ ጽፏል።

በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ሰው ሠራሽ ዝንቦች (ነፍሳት መስለው ከላባ የሚሠሩ ማጥመጃዎች) አንዷ ግን የምትጠይቀው ገብስማ ዶሮ ነው። አዎ፣ ጠንቋይ የሚያዘውን ገብስማ! «አዳምስ» ትባላለች፤ ሌን ሃላዴይ የተባለ የሚሺጋን ሰው በ1922 ሠራት። አሠራሯን በቅርብ እንየው። ትንሽ መንጠቆ በማሰሪያ ይያዛል፤ ክር ይጠመጠምበታል። ከኋላ ጥቂት የላባ ዘንጎች ጭራ ሆነው ይታሰራሉ። ግራጫ ለስላሳ ፀጉር በጣት መሃል ከክሩ ጋር ተፍተልትሎ ሆዷን ይሠራል። ሁለት የገብስማ ላባ ጫፎች ክንፍ ሆነው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በመጨረሻ አንድ ቀይና አንድ ገብስማ የማጅራት ላባ አብረው በክንፉ ዙሪያ ሲጠመጠሙ፣ የላባዎቹ ዘንጎች በየአቅጣጫው እንደ እግር ይበተናሉ። ውሃ ላይ የሚያቆማት ይህ ነው። የምታስመስለው አንድ የተለየ ነፍሳት የለም፤ ብዙዎቹን በጥቂት በጥቂቱ ትመስላለች። ምን እንደሚበላ ላልታወቀ አሳ መጀመሪያ የምትወረወረውም ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው በዓል ኮሙናሉ ደጃፍ ዶሮ ሲገነጠል ላባውን ከመጣልዎ በፊት ያስተውሉት። የአውራ ዶሮ የማጅራት ላባ ጫፉ ጠንካራና አንጸባራቂ ነው፤ ውሃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ለምትንሳፈፈዋ ዝንብ ይሆናል። የሴቷ ላባ ለስላሳ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል፣ ውስጥ ለውስጥም እንደ ሕያው ነገር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ለምትሰምጠዋ ዝንብ የሚመረጠው የሴቷ ነው። የአበሻ ዶሮ ላባ አጠር ሰፋ ስለሚል ለደቃቅ መንጠቆ አይመችም፤ ለሰማጯ ግን ይበቃል።

መንጠቆ ሲገዙ ቁጥሩ ይገለበጣል። 14 ቁጥር ከ10 ቁጥር ያነሰ ነው።

ሐዋሳ አሞራ ገደል የአሳ ትርፍራፊ ሲጠብቅ የሚያዩት ራሰ በራው አባ ኮዳ፣ ከጭራው ሥር ያለው ነጭ ለስላሳ ላባ በአንድ ወቅት የባርኔጣ ጌጥ ነበር። ማጥመጃ ሠሪዎችም ወደዱት፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይተነፍሳል ማለት ይቻላል። ዛሬ በአባ ኮዳ ስም የሚሸጠው ላባ የተርኪ ዶሮ ነው። የሐይቅ አጥማጆች ሳጥናቸው ውስጥ የማያጡት «ዉሊ ባገር» ጭራው ከዚህ ላባ ነው የሚሠራው። ረስል ብሌሲንግ በ1967 ፔንስልቬንያ ውስጥ ሠራው፤ አልቅት ሊመስል ይችላል፣ ትንሽ አሳም ሊመስል ይችላል፤ መወሰኑን ለትራውቱ ይተውለታል።

ኤሌክትሪሺያን ጎረቤት ካለዎት ደግሞ ከሽቦ ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን የመዳብ ጸጉር ይለምኑት። የእንግሊዙ ወንዝ ጠባቂ ፍራንክ ሶየር ታዋቂዋን «ፌዛንት ቴይል» የሠራው ያለ ክር፣ በመዳብ ሽቦና ፌዛንት በተባለች ወፍ ጭራ ላባ ብቻ ነበር። ሽቦው ላባውን ያስራል፤ በክብደቱም ዝንቧን ወደ ታች ይዟት ይወርዳል።

ስለ መውረድ ካነሳን፣ የሐይቅ ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው በታች ነው። ከላይ ሲዘል ስላዩት ብቻ በተንሳፋፊዋ ዝንብ መጽናት ቀኑን በከንቱ ያሳልፍብዎታል። በብዙ የተራራ ሐይቆች ዋናው ቀለቡ ትንኝ የምትመስል፣ ግን የማትናከስ ነፍሳት እጭ ነው፤ ከሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ ይኖራል። አንዳንዶቹ እጮች ደማቅ ቀይ ናቸው። ምክንያቱ እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ የሚያኖራቸውም እሱ ነው። ስለዚህ ቀይ ክር የተጠመጠመባት ምንም ጌጥ የሌላት መንጠቆ፣ ቀስ ብላ ስትሳብ፣ ከባለ ክንፏ የተሻለ ልትሠራ ትችላለች።

ቀይ ቀለም ግን ወደ ጥልቁ ሲወርዱ ቀድሞ የሚጠፋ ነው። በጥልቅ ወይም በምሽት ውሃ ጥቁር ማጥመጃ ይመረጣል፤ ከታች ወደ ላይ ሲታይ ጥላው ጎልቶ ይታያልና።

ትራውት ከውሃ ውስጥ ሆኖ የውጭውን ዓለም የሚያየው ከአናቱ በላይ በተከፈተች ክብ መስኮት ነው። የመስኮቷ ስፋት 97 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ብርሃን ውሃ ሲነካ ከመታጠፉ የመጣ ነው። ዳር ላይ ጎንበስ ያለ ሰው አይታየውም። ቀጥ ብሎ የቆመው ይታየዋል።

ማንኪያ ማጥመጃ የሆነው እንዴት ነው ቢሉ፣ አሜሪካዊው ጁሊዮ ቢዩል በ1852 የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ የሾርባ ማንኪያው ሐይቅ ውስጥ ወድቆበት አሳ ሲነጥቀው አየ የሚል ወሬም አብሮት ይዞራል። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ አሳውን ከቡሽ ቀርጾ በቸኮላት መጠቅለያ አልብሶታል። የምትሽከረከረዋ የፈረንሳይ «ሜፕስ» ደግሞ በ1938 ተወለደች። ሰማዩ ሲጠራ ብርማ፣ ውሃው ሲደፈርስ ወርቃማ ወይም መዳብማ ይላሉ አጥማጆች፤ ከቀለሙ ይልቅ ፍጥነቱን መለዋወጥ እንደሚያዋጣም ይጨምራሉ።

ማንኪያው በክብደቱ ቀጭኑን ክር ይዞት ይበራል። ዝንቧ ግን ክብደት የላትም። ስለዚህ ክሩ ራሱ ወፍራምና ከባድ ተደርጎ ይሠራና እሱ ይወስዳታል። ያ ሁሉ ከራስ በላይ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ለዚህ ነው እንጂ ለፎቶ አይደለም።

ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የበረንዳዎን አምፖል የሚወረውን አሸን ያስታውሱ። በሌላው ዓለምም ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖች በነፋስ ተገፍተው ሐይቅ ላይ ሲረግፉ፣ ትራውት ከዚያ ውጭ ሌላ ነገር ዞር ብሎ አያይም። የዚያን ቀን ሳጥኑ ውስጥ ጥቁር ጉንዳን የሌለው ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ነፋስ ካለም ነፋሱ ወደሚገፋበት ዳርቻ ይሂዱ፤ የወደቀው ነፍሳት ሁሉ የሚከማቸው እዚያ ነው።

የራሳችን የሐይቅ አዳኝ አሳ ደግሞ ጣና ውስጥ አለ። ነጭ አሳ ብለን የምንጠቀልላቸው የጣና በርበሶች ከ15 በላይ ዝርያዎች ናቸው፤ ስምንት ያህሉ ሌላ አሳ ያድናሉ። ይህ ለተመራማሪዎች ድንቅ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ አሳዎች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና። ለእነዚህ የሚመረጠው ትንሽ አሳ የሚመስል ማጥመጃ እንጂ ዝንብ አይደለም።

ታዲያ በባሌው ሳነቴ አምባ ላይ ባሉት ትንንሽ ሐይቆች ለምን ትራውት አይጨመርም? አንደኛ፣ ብዙዎቹ ጥልቀት የላቸውም፤ በበጋ የሚደርቁም አሉ። ሁለተኛ፣ ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው የሚፈስ ውሃ ባለበት ጠጠር ውስጥ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ካሊፎርኒያ ላይ ታይቷል። በሴራ ኔቫዳ ከፍተኛ ሐይቆች አሳ አልነበረም፤ ሰዎች በበቅሎ፣ በኋላም በአውሮፕላን ትራውት አመጡ፤ የአካባቢው እንቁራሪቶች ተበልተው ከየሐይቁ ጠፉ። ትራውቱ ከአንዳንዶቹ ሐይቆች ሲወጣ ተመለሱ። ባሌም ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች አሏት፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ በባልዲ አሳ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ቢያገኙ ይመልሱት።

ባሌ ውስጥ ወዳለችው ዲንሾ ለማጥመድ ከወጡ መጀመሪያ የፓርኩን ቢሮ ፈቃድ ይጠይቁ። የያዙትን መልሰው ሊለቁ ካሰቡ፣ በመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ ይጫኗት፤ ከአሳው አፍ በቀላሉ ይወጣል።

በ2011 አሜሪካ ውስጥ አጥማጆች የዶሮ ላባ አጥተው ነበር። ሴቶች ረጃጅሙን የገብስማ ላባ ፀጉራቸው ላይ መሰካት ጀመሩ፤ የፀጉር ቤቶች ለዝንብ ሥራ ተብለው ከረቡት አውራ ዶሮዎች የሚገኘውን ላባ ከየሱቁ ጠራረጉት፤ ዋጋው በጥቂት ወራት ብዙ እጥፍ ናረ፤ የማጥመጃ ሱቆችም «ለአሳ ነው ወይስ ለፀጉር?» ብለው እየጠየቁ መሸጥ ያዙ።