በተዘጋጀ ከርነል ውስጥ የተወሰነልን ውሳኔ

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውንና ዲስኩን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚወስነውም እርሱ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው የሊኑክስ ከርነል፣ ዛሬ ከመገንባቱ በፊት መልስ የሚሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ምርጫዎች አሉት። መልሶቹም «አብሮ ይገንባ»፣ «በሞጁልነት ተለይቶ ይቀመጥ» ወይም «ይቅር» የሚሉ ናቸው።

ይሁንና ከርነሉን ራሱ የሚገነባ ተጠቃሚ ጥቂት ነው። እንደ ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ፌዶራ ያሉት አሰራጮች ገንብተው ያቀርቡለታል። ድራይቨሮችን በአብዛኛው በሞጁልነት ስለሚያስቀምጧቸው ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ይጭናል። በሞጁልነት ሊቀመጡ የማይችሉ አገልግሎቶች ግን አሉ። ለእነዚህ አሰራጩ ለባንክ ሰርቨርም ሆነ ለተማሪ ላፕቶፕ አንድ ዓይነት መልስ ለመስጠት ይገደዳል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው «ዩዘር ኔምስፔስ» የተባለው አገልግሎት ነው። ተራ ተጠቃሚ በተከለለ ክልል ውስጥ ብቻ የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲኖረው ያደርጋል። ኮንቴይነሮችና ብራውዘሮች ያልታመነ ፕሮግራምን ለይተው ለማሠራት ይጠቀሙበታል። በሌላ በኩል፣ ቀደም ሲል አስተዳዳሪው ብቻ ይደርስባቸው የነበሩ የከርነሉን ክፍሎች ለተራው ተጠቃሚ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነውና «ሲቪኢ-2022-0185» ተብሎ የተመዘገበው የደህንነት ቀዳዳ፣ ተራ ተጠቃሚን ወደ ሙሉ አስተዳዳሪነት ሊያሸጋግር ይችል የነበረው በዚሁ በር ነው።

አሰራጮቹም በጉዳዩ ላይ በአንድ መንገድ አልሄዱም። ዴቢያን ለተራ ተጠቃሚ ዘግቶት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 11ኛ እትሙ ከፈተው። በዴቢያን ላይ የተመሠረተው ኡቡንቱ በአንጻሩ ክፍት አድርጎት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 24.04 እትሙ ገደብ ጣለበት። የመጀመሪያው ለብራውዘሩ ጥበቃ፣ ሁለተኛው ለከርነሉ ጥበቃ አደላ ማለት ይቻላል።

ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ «ቡት» በተባለው ማውጫ ውስጥ «ኮንፊግ» ብሎ የሚጀምረውን ፋይል ቢከፍት ምን እንደተመረጠለት ያያል። ያልወደደውን ለመለወጥ ግን ሁልጊዜ ከርነሉን እንደገና መገንባት አይጠበቅበትም። የራሱን የገነባ ሰው የደህንነት ማሻሻያዎችንም ራሱ እየተከታተለ መገንባት ይኖርበታል። ዩዘር ኔምስፔስን የመሰለውን በ«ሲስክትል» ትእዛዝ መዝጋት ይቻላል፤ ኮንቴይነርም ሆነ ብራውዘር በማይሠራበት ሰርቨር ላይ ቢዘጋ ብዙም የሚጎዳ ነገር የለም። እትም በተቀየረ ቁጥር መልሱም ሊቀየር ስለሚችል ግን ፋይሉንም ሆነ የሲስክትሉን ቅንብር ዳግም ማየት ይገባል።